ሶፍትዌር አልጫን ሲል፦ ከፎርማት በፊት የፎልደሩን መንገድ ይዩ

መጫኛውን ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረጉ። መስኮቱ ብቅ አለ፣ አረንጓዴው መስመር ትንሽ ሄደ፣ ቆመ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ ቃል ሳይናገር ጠፋ። ደገሙት። ያው ነው።

ደባርቅና ዳባት ላይ ይህ ሲያጋጥም ሰው ምን እንደሚያደርግ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዱ በሞባይል ዳታው ያንኑ ፋይል እንደገና ያወርዳል። ሌላው ላፕቶፑን ሸክፎ በሚኒባስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ጎንደር ድረስ ይወርዳል። ሦስተኛው «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» የሚለውን ፍርድ አሜን ብሎ ይቀበልና ፎቶውንም የመመረቂያ ጽሑፉንም ያጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የፋይሉም የኮምፒውተሩም አይደለም፤ የፎልደር ስም ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ከማያስከፍለው ወደሚያስከፍለው ደርድሬያቸዋለሁ። በቅደም ተከተላቸው ይሂዱ፤ ችግሩ በተፈታበት ደረጃ ላይ ያቁሙ።

የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነው፦ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለበት ኮምፒውተር፣ የአድሚን የይለፍ ቃል፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ሰዓት የሚሆን ጊዜ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። መብራት በመሀል ከሄደና ኮምፒውተሩ ከጠፋ ግማሹ የተጫነ ፎልደር ትቶ ስለሚያልፍ በአንድ ችግር ላይ ሌላ ችግር ይደረብብዎታል።

መንገድ ስል፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ፓዝ የሚሉትን ማለቴ ነው፦ ከድራይቩ ተነሥቶ ፋይሉ ዘንድ እስኪደረስ የሚታለፍባቸው የፎልደር ስሞች ሰንሰለት። ከደባርቅ ተነሥቶ በቡይት ራስ፣ በሳንካበርና በግጭ አድርጎ ጨነቅ እንደሚደርስ እግረኛ አድርገው ያስቡት። እግረኛ ሲጠፋው እረኛ ጠይቆ ይሄዳል። መጫኛ ግን አይጠይቅም፤ ከስሞቹ አንዱን ማንበብ ካቃተው እዚያው ይወድቃል።

ደረጃ 1። መልእክቱን ፎቶ ያንሡ፣ ቁጥሩን ያንብቡ

የስሕተት መልእክት ሲወጣ «ኦኬ» ብሎ ለመዝጋት አይቸኩሉ። መጀመሪያ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ባይገባዎ እንኳ በውስጡ ያለው ቁጥር ወዴት መሄድ እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

3 ከሆነ መጫኛው የተባለውን መንገድ አላገኘውም። 123 ከሆነ በስሙ ውስጥ የማይፈቀድ ምልክት አለ። 206 ማለት ስሙ ከመጠን በላይ ረዝሟል። 1324ም እንደ 123 ሁሉ የማይፈቀድ ምልክትን ይመለከታል። እነዚህ አራቱ የመንገድ ችግሮች ናቸው፤ ደረጃ 2ን፣ 3ንና 4ን ይከተሉ። 1327 የሌለ ድራይቭ እየተፈለገ ነው ማለት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ። 5 ከሆነ መንገዱ አለ፣ ግን ገብተው እንዲጽፉ አልተፈቀደልዎትም፤ ደረጃ 7ን ይዩ። 112 ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ለዚህ መመሪያ አያስፈልግም፣ ፊልሞቹን ያጥፉ።

መንገድን የማይመለከቱም አሉ። «ኢንቴግሪቲ» የሚል ቃል ካዩ ፋይሉ ሲወርድ ወይም ሲገለበጥ ተበላሽቷል። በፕሮፐርቲስ የሚታየውን መጠን በባይት ከዋናው ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ካለ እንደገና ከማውረድ በቀር መድኃኒት የለውም። ቪሲራንታይም የሚባል ፋይል ጠፋ ካለ የጎደለው የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ እሱን መጀመሪያ ይጫኑ። እነዚህን በፎልደር ስም መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ምንም መልእክት ሳይወጣ መስኮቱ እልም ካለስ? ያኔ መንገዱን ይጠርጥሩና ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ደረጃ 2። መጫኛውን አጭር ቦታ ላይ ያሳርፉት

ፋይል ኤክስፕሎረርን ይክፈቱና ሲ ድራይቭ ውስጥ አዲስ ፎልደር ይፍጠሩ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጭር አድርገው፣ ያለ ክፍተት ይጻፉት፤ «ሴትአፕ» ይበቃል። መጫኛውን እዚያ ይገልብጡ። የራሱ ስም ረጅም ከሆነ ወይም ከድረ ገጽ የመጡ ቅንፎችና ምልክቶች ካሉበት ያሳጥሩት። የመጨረሻዋን ነጥብና ከእርሷ በኋላ ያሉትን ሦስት ፊደላት ግን አይንኩ። ከዚያ በቀኝ ጠቅታ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ይምረጡ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አንድ ሙሉ መንገድ ከ260 ምልክት እንዲበልጥ አይፈቅዱም፤ የድራይቩ ፊደል፣ ሁለት ነጥቡና ስሞቹን የሚለዩት ዘንባላ መስመሮች ሁሉ ይቆጠራሉ። ዴስክቶፕ ላይ፣ በተማሪው ስም ፎልደር ውስጥ፣ በዓመቱ ፎልደር ውስጥ፣ በኮርሱ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ መጫኛ ገና ሳይነሣ መቶውን በልቶታል። ላይ ያሉት ስሞች በአማርኛ ሲሆኑ ደግሞ ሒሳቡ ይከፋል። «ዳባት ወረዳ የጤና ጥናት መረጃ» የሚለውን ስም ይውሰዱ። ለዊንዶውስ ይህ ክፍተቶቹን ጨምሮ 19 ምልክት ነው። በዩቲኤፍ-8 ለሚቆጥር ፕሮግራም ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 49 ይሆናል። ፕሮግራመሩ ለመንገዱ 260 ባይት ብቻ መድቦ ከሆነ 86 የግዕዝ ፊደላት ላይ ቦታው ያልቃል። የተጠነቀቀ ፕሮግራም ያኔ ስሕተቱን ይናገራል፤ ያልተጠነቀቀው ያለ ቃል ይወድቃል። መስኮቱ እልም የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ሰዎች የሚሠሯቸው ሦስት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው መጫኛውን ከዚፕ ፋይል ውስጥ ሳያወጡ ማስነሣት ነው። ዊንዶውስ ጠቅ ያደረጉትን አንድ ፋይል ብቻ ወደ ጊዜያዊ ቦታ ያወጣዋል፤ አብረውት መሆን ያለባቸው ፋይሎች ዚፑ ውስጥ ይቀራሉ፤ መጫኛውም «ፋይል አጣሁ» ይላል። «ኤክስትራክት ኦል» ብለው ሁሉንም ያውጡ። ሲያወጡ ዊንዶውስ በዚፑ ስም ፎልደር ይፈጥራል፤ በውስጡም ብዙ ጊዜ ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ፎልደር ያገኛሉ፤ መንገዱ በከንቱ እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። የውስጠኛውን ወደ ሲ ድራይቭ አውጥተው ስሙን ያሳጥሩ።

ሁለተኛው ከፍላሽ ላይ በቀጥታ መጫን ነው። ፍላሹ ትንሽ ከተነቃነቀ መንገዱ በመሀል ይቆረጣል። ከዚህም በላይ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዞረው የሾርትከት ቫይረስ አለ፤ ፋይሎችዎን ስም የለሽ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይደብቃቸዋል። ስም የለሽ አይደለም፤ ስሙ በዓይን የማይታይ ልዩ የክፍተት ምልክት ነው። ከዚያ ፎልደር ውስጥ ሆኖ የሚነሣ መጫኛ መንገዱን ሊስተው ይችላል። መጀመሪያ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ያጽዱ፣ ከዚያ ወደ ሲ ድራይቭ ይገልብጡ።

ሦስተኛው ዋንድራይቭን መርሳት ነው። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ዴስክቶፕና ዶኩመንትስ ሳያውቁት ወደ ዋንድራይቭ ተዛውረዋል። ከፋይሉ ጎን የደመና ምልክት ካለ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ እንጂ እጅዎ ላይ የለም።

ደረጃ 3። የተጠቃሚ ስምዎ በምን ፊደል እንደተጻፈ ይዩ

መጫኛውን አጭር ቦታ አሳርፈውትም ከወደቀ፣ በእኛ አካባቢ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ይህ ነው። በሲ ድራይቭ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ። በስምዎ የተሰየመ ፎልደር ያገኛሉ። በአማርኛ ነው የተጻፈው? እንግዲያው ሌባው ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው መጫኛ ሥራውን የሚጀምረው ራሱን ወደ ጊዜያዊ ማከማቻ በመዘርገፍ ነው፤ ያ ማከማቻ ደግሞ በዩዘርስ፣ በስምዎ፣ በአፕዳታ፣ በሎካል አልፎ ቴምፕ የሚባለው ፎልደር ነው። መጫኛውን የትም ቢያስቀምጡት በስምዎ በኩል ማለፉ አይቀርም። ዊንዶውስ ለዩኒኮድ ያልተሠሩ የቆዩ ፕሮግራሞችን የሚያስተናግድበት የፊደል ሠንጠረዥ ለሩሲያኛ፣ ለግሪክኛ፣ ለዐረብኛ አለው፤ ለግዕዝ ፊደል ግን የለውም። ስለዚህ ያረጀ መጫኛ «የዚህ ሰው ፎልደር ማን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ ዊንዶውስ በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይሰጠዋል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፎልደር ስም ውስጥ የተከለከለ ነው። መጫኛው የሌለና ሊኖር የማይችል መንገድ ይዞ ይሄዳል። ቁጥር 123 የሚመጣውም ከዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ያናድደኛል። ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን በፊደሉ ስለጻፈ መቀጣት አልነበረበትም። ግን ዛሬ ማታ ሶፍትዌሩ መጫን አለበት፤ ንዴቱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

በኢሜይል አካውንት የገቡ ሰዎች ይህ ብዙም አያገኛቸውም፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ የኢሜይሉን የመጀመሪያ 5 ፊደላት ወስዶ ፎልደሩን ይሰይማልና። የሚጠቁት ኢንተርኔት በሌለበት ላፕቶፑን ሲከፍቱ «ስምዎ ማን ነው?» ሲባሉ በአማርኛ የመለሱት ናቸው።

አደራ፦ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅታ ስሙን ልቀይር ብለው አይሞክሩ። ዊንዶውስ አሮጌውን ስም በሌላ ቦታ መዝግቦታል፤ ከቀየሩት በሚቀጥለው ጊዜ ሲገቡ ባዶ ዴስክቶፕ ይቀበልዎታል። በኮንትሮል ፓነል የአካውንቱን ስም መቀየርም ፎልደሩን አይለውጠውም፤ የሚለወጠው መግቢያው ላይ የሚታየው ስም ብቻ ነው።

ደረጃ 4። ጊዜያዊ ማከማቻውን ያዛውሩ

ስሙን ሳይነኩ መንገዱን ማስቀየስ ይቻላል። ሲ ድራይቭ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ቴምፕ» የሚባል ፎልደር ይፍጠሩ። ቀጥሎ የስታርት ምናሌውን ከፍተው «ኢንቫይሮንመንት» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ለእርስዎ አካውንት ብቻ የሚሆነውን ማስተካከያ ይምረጡ። ሁለት ሣጥኖች ያሉት መስኮት ይከፈታል። በላይኛው ውስጥ ቴምፕና ቲኤምፒ የሚባሉ ሁለት መስመሮች አሉ። እያንዳንዱን መርጠው «ኤዲት» ይበሉና የነበረውን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው በእሱ ፈንታ አዲሱን የፎልደር መንገድ ይጻፉ። ሁለቱንም መቀየር አለብዎት፤ አንዳንዱ መጫኛ የሚያየው አንደኛውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ነው። «ኦኬ» ብለው ይውጡና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡ።

መቀየሩን ለማረጋገጥ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ይጫኑ። በሚመጣው ሣጥን የመቶኛ ምልክት፣ ቴምፕ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ እንደገና የመቶኛ ምልክት ጽፈው ኢንተር ይምቱ። የተከፈተው ሲ ድራይቭ ላይ የሠሩት ፎልደር ከሆነ መጫኛውን እንደገና ይሞክሩ።

እዚህ መስኮት ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። «ፓዝ» የሚባል መስመር ያያሉ። ስሙ የምንፈልገው ነገር ይመስላል፤ አይደለም። እሱ ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የት የት እንደሚፈልግ የሚነግር ዝርዝር ነው፤ ያጠፋው ሰው በማግሥቱ ሌሎች ፕሮግራሞቹ አልነሣ ይሉታል። እጅዎን ከእሱ ያርቁ።

ሰነፍ ሰው የሚወደው ሌላ አማራጭም አለ፤ በክልልና ቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ «ቤታ» የሚል ቃል ያለበት፣ ዩቲኤፍ-8ን ለሁሉም ፕሮግራም የሚያበራ ሣጥን። ከዊንዶውስ 10 የ2018 እ.ኤ.አ. እትም ጀምሮ ይገኛል። አንዳንዱን መጫኛ በአንድ ጠቅታ ያድነዋል። ነገር ግን ሌሎች የቆዩ ፕሮግራሞች ጽሑፋቸው እንዲተራመስ ሊያደርግ ይችላል። በተለይ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የሚጠቀም የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ እኔ አልነካውም።

ደረጃ 5። የሚጫንበትን ቦታ ያጢኑ

እስካሁን ያየነው መጫኛው የሚነሣበትን ነው። የሚያርፍበትም መንገድ አለው። «የት ልጫን?» ብሎ ሲጠይቅ ያቀረበልዎትን ቦታ መቀበል ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ዲ ድራይቭ ላይ የእኔ ሶፍትዌሮች በሚለው ፎልደር» ማለት ችግር መጋበዝ ነው።

የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ። ዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ያለባት ከተማ በመሆኗ እዚህ አካባቢ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ፈላጊው ብዙ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አር በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ተማሪው ሁሉ ይሞክረዋል። አሮጌ የአር እትም የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ከሆነ ራሱ ይጫንና ተጨማሪ ፓኬጆችን ሲጭኑ ይወድቃል፤ ፓኬጆቹን የሚያስቀምጠው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ነውና። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 4.2.0 ጀምሮ በአዳዲስ የዊንዶውስ 10 እትሞችና በ11 ላይ ዩቲኤፍ-8ን ስለሚጠቀም ችግሩ በጣም ቀሏል። ስለዚህ ጓደኛዎ በፍላሽ የሰጠዎት ስንተኛው እትም እንደሆነ ይጠይቁ። የአር ተጓዳኝ የሆነውን አርቱልስን የሚጭኑ ከሆነ መንገዱ ላይ ክፍተት እንኳ አይኑር፤ ያቀረበልዎትን የሲ ድራይቭ ፎልደር እንዳለ ይተዉት። አንድሮይድ ስቱዲዮም የኤስዲኬው መንገድ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ምልክት ካለበት ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን አይለፉት።

ቀደም ሲል ተሞክሮ የከሸፈ ጭነት ካለ ቅሪቱን ያጽዱ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ በሶፍትዌሩ ስም የተሰየመ ግማሽ ፎልደር ካገኙ፣ መጀመሪያ በሴቲንግስ በኩል «አንኢንስቶል» ይሞክሩ፤ እዚያ ከሌለ ፎልደሩን ያጥፉ።

ደረጃ 6። የሌለ ድራይቭ ሲፈለግ

ቁጥር 1327 ያየ ሰው ግራ ይጋባል፤ «እኔ ሲ ላይ ነው የምጭነው፣ ይህ ኢ ድራይቭ ከየት መጣ?» ይላል። የመጣው ካለፈው ነው። ለጥንቃቄ ብሎ ዶኩመንትስን ወይም ዳውንሎድስን ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛወረ ሰው ነበር፤ ያ ድራይቭ በኋላ ተነቀለ፣ ወይም ፊደሉ ተቀየረ። ዊንዶውስ ግን አድራሻውን አልረሳም።

ፎልደሩን በቀኝ ጠቅታ ይምረጡ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሎኬሽን» የሚለውን ይክፈቱና «ሪስቶር ዲፎልት» ይበሉ። እምቢ ካለ ማታለያ አለ፦ ፍላሽ ይሰኩና በዲስክ ማኔጅመንት የተፈለገውን ፊደል ለፍላሹ ይስጡት። መጫኛው ኢ ድራይቭን ያገኛል፣ ደስ ብሎት ያልፋል። ጭነቱ እስኪያልቅ ፍላሹን አይንቀሉ።

ደረጃ 7። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ

ቁጥር 5 ሲመጣ በአድሚን መብት ማስነሣትዎን ያረጋግጡ። ከዚያ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» የሚለውን ይዩ፤ የፎልደር ቁጥጥሩ በርቶ ከሆነ የማያውቀውን ፕሮግራም ዴስክቶፕና ዶኩመንትስ ላይ እንዳይጽፍ ይከለክለዋል። ለመጫኛው ብቻ ፈቃድ ይስጡ። ጸረ ቫይረሱን በጠቅላላ ማጥፋት የሚመክርዎትን ሰው አይስሙ፤ በተለይ ፋይሉ ከፍላሽ የመጣ ከሆነ።

ደረጃ 8። በእንግሊዝኛ ፊደል አዲስ ተጠቃሚ ይክፈቱ

የመጨረሻውና የማያዳግመው መፍትሔ ይህ ነው። ደረጃ 4 አንዱን ሶፍትዌር ያሳልፍልዎታል፤ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ነገ እንደገና ያስቸግሩዎታል። ስለዚህ በስምዎ ፊደል መቸገር የሰለቸዎት እንደሆነ አንድ ምሽት ይመድቡለት።

ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው በ«አካውንትስ» ሥር ሌላ ተጠቃሚ ይጨምሩ። ኢሜይል ሲጠይቅዎ የዚህ ሰው መረጃ የለኝም፣ ቀጥሎም ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር የሚሉትን ይምረጡ። ስሙን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍተት፣ ከ8 ባልበለጠ ይጻፉት። ከተፈጠረ በኋላ የአካውንቱን ዓይነት ወደ አድሚኒስትሬተር ይቀይሩ፣ ከአሮጌው ይውጡ፣ በአዲሱ ይግቡ። ወደ ዩዘርስ ተመልሰው ፎልደሩ በእንግሊዝኛ መሰየሙን በዓይንዎ ይዩ።

አሁን ከአሮጌው ፎልደር ዶኩመንትስን፣ ዴስክቶፕንና ፒክቸርስን ይገልብጡ። አፕዳታን ግን አይገልብጡ፤ የድሮው መንገድ በብዙ ቦታ የተጻፈው እዚያ ውስጥ ስለሆነ በሽታውን ይዘው ይመጣሉ። የሰነዶችዎ ስም በአማርኛ ቢሆን ግድ የለም፤ እሱን ዎርድና ኤክሴል በደንብ ያነባሉ። አሮጌውን አካውንት ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳያጠፉ ያቆዩት፤ የተረሳ ፎቶ መኖሩ የሚታወቀው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው።

ሁሉም ነገር ከሠራ በኋላ ስምዎን በፊደልዎ ማየት ከፈለጉ አሁን ይችላሉ። በኮንትሮል ፓነል «ቼንጅ ዩር አካውንት ኔም» የሚለውን ከፍተው በአማርኛ ይጻፉት። ላፕቶፕ ለሰው የሚያዘጋጁ የሱቅ ባለሙያዎችም ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢይዙ ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ መክፈት፣ ቀጥሎ በአማርኛ መሰየም። ላፕቶፑ ሲከፈት የባለቤቱ ስም በግዕዝ ፊደል ይታያል፤ ዩዘርስ ውስጥ ያለው ፎልደር ግን በመጀመሪያው ስሙ ይቆያል፤ መጫኛው የሚሄደው ደግሞ በእሱ በኩል ነው።